ቤት በምን ይመዘናል? ከጫኖ ጭቃ ቤት እስከ ጋራ ሕንፃ

ቤት ያሠራ ሰው ሁሉ ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል። አንደኛው «ስንት ፈጀብህ?» ሲሆን ሁለተኛው «ደህና አድርገው ሠሩት?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ ሰውዬው ቁጥር ይጠራል። ለሁለተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ፈገግ ብሎ «ግባና እየው» ከማለት በቀር መልስ የለውም። ገብተን ስናይ ደግሞ ዓይናችን የሚያርፈው ቀለሙ፣ መስኮቱና የወለሉ ሴራሚክ ላይ ነው። ቤቱን አቁሞ የያዘው ነገር ግን ከቀለሙ ጀርባና ከወለሉ በታች ተደብቋል። ላዩ አምሮ ያለውን ነገር ሁሉ አባቶቻችን «ውስጡን ለቄስ» የሚሉት ያለ ነገር አይደለም።

ቤቱ የአንድ ቤተሰብ ሲሆን ነገሩ ይቀላል። ያሠራው ሰው ራሱ ይኖርበታል፤ ከዘመመ ራሱ ያቃናዋል፣ ካፈሰሰ ራሱ ይደፍነዋል። ብዙ ቤተሰብ በአንድ ጣሪያ ሥር በሚኖርበት የጋራ ሕንፃ ግን የሚያሠራው አንድ፣ የሚሠራው ሌላ፣ የሚከፍለው ሦስተኛ፣ የሚኖርበት ደግሞ አራተኛ ሰው ሊሆን ይችላል። ታዲያ እንዲህ ያለውን ሕንፃ «ጥሩ ነው»፣ «ርካሽ ነው» የሚለው ከእነዚህ ውስጥ ማንኛው ነው?

የዚህች ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። የመኖሪያ ሕንፃ እውነተኛ ዋጋ ቁልፍ በሚረከቡበት ቀን አይታወቅም፤ ጥራቱም በዚያ ቀን አይታይም። ሁለቱም የሚገለጡት ሕንፃው መጠገን በሚፈልግበት ቀን ነው፤ ማን ይጠግነዋል፣ በምን ገንዘብ፣ በምንስ ዕውቀት የሚለው ጥያቄ ሲመጣ። ይህን ለማሳየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ከጫኖ መጀመር ይቻላል።

ጫኖ ለምን?

ጫኖ ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን፣ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ያለ የቆላ አገር ነው። ጫኖ ሚሌ፣ ጫኖ ዶርጋና ጫኖ ጫልባ እየተባለ በቀበሌ ይከፈላል። በምሥራቅ የዓባያ ሐይቅ፣ በምዕራብ የጋሞ ተራራ ያዋስኑታል። መንገደኛ የሚያውቀው በሙዙና በማንጎው ነው። ቤቱ በአብዛኛው እንጨት ቆሞ፣ ጭቃ ተመርጎ፣ ሣር ወይም ቆርቆሮ የለበሰ ነው።

ጎረቤቱ አርባ ምንጭ ግን የቅርብ ጊዜ ከተማ ነው። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከደጋው ጨንቻ ወደዚህ የወረደው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። ላይኛው ሴቻና ታችኛው ሲቀላ ተለያይተው ሲያድጉ ቆይተው በመካከላቸው ያለው ሜዳም በግንባታ እየተሞላ መጣ። የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1979 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት አደገ። ተማሪ ሲበዛ ተከራይ ይበዛል፤ ተከራይ ሲበዛ በአንድ ግቢ የሚደረደር ክፍል ይበዛል፤ ቦታ ሲጠብ ደግሞ ቤት ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል። ከተማ ሲሰፋ በአውራ መንገድ በኩል መስፋቱ የተለመደ ነው፤ ጫኖም ያለው በአውራ መንገድ ላይ ነው። እንግዲህ «ነገ እዚህ የሚቆመው ሕንፃ በምን ይመዘን?» ብሎ ከዛሬ መጠየቅ የሥራ ፈት ጥያቄ አይደለም።

ቀርከሃና ምስጥ

ከጫኖ ወደ ምዕራብ ቀና ያለ ሰው የሚያየው ተራራ ላይ ዶርዜ አለ። የዶርዜን ቤት በፎቶግራፍ ያላየ ጥቂት ነው። በቀርከሃ እንደ ትልቅ ቅርጫት ይሸመንና በቀርከሃ ቅርፊትና በእንሰት ቅጠል ይለብሳል። ሲሠራ ከሚያስፈልገው በላይ ረጅም ይደረጋል። ለምን ቢሉ፣ ምስጥ ከግርጌው እንደሚበላው ሠሪው አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። የተበላው ግርጌ ይቆረጣል፤ ቤቱ በዚያው ልክ ዝቅ ይላል፤ ኑሮ ይቀጥላል። ቦታ መለወጥ ካስፈለገም ሰው ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ያዛውረዋል። እንዲህ እያለ ከስድሳ ዓመት በላይ የሚቆይ ቤት እንዳለ ይነገራል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ቱሪስቱ የሚያደንቀው የቤቱን መልክ ነው። ለእኛ ጥያቄ የሚጠቅመው ግን በውስጡ ያለው ሒሳብ ነው። የዶርዜ ሠሪ «ቤቴ አይፈርስም» ብሎ አይመካም። ቤቱ በየትኛው በኩል፣ በምን ጠላት እንደሚጎዳ ያውቃል፤ የጥገናውንም ወጪ ገና ሲሠራ በቁመት ከፍሎ ያስቀምጣል። ያ ትርፍ ቁመት ማለት በዛሬ ቋንቋ የጥገና መጠባበቂያ ነው። ሠሪው፣ ከፋዩ፣ ነዋሪውና ጠጋኙም አንድ ሰው ከነጎረቤቶቹ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እዚህ በትክክል ይሠራል።

ይሁን እንጂ ነገሩን ማስዋብም አይገባም። ቤቱ ውስጡ ጨለማ ነው፣ ጭስ ይታመቅበታል፣ እሳት ቢነሳ ምሕረት የለውም። ቀርከሃ የሚያበቅል ደጋና ሰፊ ጓሮም ይፈልጋል። ሺህ ቤተሰብ በጥቂት ሔክታር ላይ ማስፈር ለሚኖርበት ከተማ መፍትሔ አይሆንም። ከዶርዜ የምንወስደው ቀርከሃውን ሳይሆን የጥገናውን ሒሳብ ነው።

ጭቃ፣ ሽቦና ወባ

ወደ ጫኖ እንውረድ። ቆላ ነውና የቤት ጠላት ምስጥ ብቻ አይደለም፤ ወባም አለች። በ2003 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ተመራማሪዎች በዚህ አካባቢ ባሉ የገጠር ቤቶች አንድ ሙከራ አደረጉ። የአንዳንዶቹን ቤቶች በርና መስኮት በወንፊት ሽቦ ሸፈኑ፣ በጣሪያና በግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተትና የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ ደፈኑ። ሌሎቹን ቤቶች ለማነጻጸሪያ እንዳሉ ተዉአቸው። ውጤቱ ሲታይ በተሸፈኑት ቤቶች ውስጥ የተገኘችው የወባ አስተላላፊ ትንኝ ወደ 40 በመቶ ያህል ቀንሳለች።

ነገርየው ቀላል ይመስላል፤ ሽቦና ጭቃ ነው። ነገር ግን ስለ ግንባታ ጥራት ከሚነገረው ብዙ ወሬ ይልቅ ያስተምራል። በመጀመሪያ ደረጃ ጥራት እንደየቦታው ይለያያል። አዲስ አበባ ላይ መስኮት ሲመረጥ ብርድ ይታሰባል፤ ጫኖ ላይ ትንኝና ሙቀት መታሰብ አለባቸው። ለአዲስ አበባ ብርድ የተነደፈ ሕንፃ ፕላኑ ሳይነካ ዓባያ ዳር ቢተከል፣ ብሎኬቱ የቱንም ያህል ቢጠነክር ጥሩ ቤት አይሆንም። በሁለተኛ ደረጃ ጥራት ሁልጊዜ ገንዘብ አይደለም። የት ላይ ማውጣት እንደሚገባ ማወቅ ራሱ ጥራት ነው። ለፊት ለፊት ማስዋቢያ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ በየመስኮቱ ሽቦ ላይ ቢውል የነዋሪውን ልጅ ከንዳድ ያድነው ይሆናል። ማስዋቢያው ግን ከመንገድ ሲታይ ዓይን ይስባል፤ ሽቦ አይስብም።

ርካሽ ኪራይና የሚያፈስ ጣሪያ

ቤት ከጠጋኙ ሲለያይ ምን እንደሚሆን ለማየት የከተሞቻችንን ታሪክ እንመልከት። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጣ። ከዚያ በፊት በከተማ ቦታ ይዞ ማከራየት የጥቂቶች ሀብት ነበር፤ ተከራዩ ብዙ ነበር። አዋጁ በወር እስከ 300 ብር ያለውን ኪራይ እንደየደረጃው ከ15 እስከ 50 በመቶ ቀነሰ። አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች ለቀበሌ፣ ከፍ ያለ ኪራይ ያላቸው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ።

ለደሃው ተከራይ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን የሚክድ ሰው ያን ዘመን ከነዋሪው ወገን ሆኖ አላየውም። የቤቱን ዕድሜ ስናይ ግን ሌላ ታሪክ ይመጣል። በጣም ትንሽ የሆነው ኪራይ ጣሪያ ለመቀየርና ግድግዳ ለመመረግ የሚበቃ አልነበረም። ቀበሌው ገንዘብ የለውም። ተከራዩ «ቤቱ የመንግሥት ነው» ይላል። ቤቱ የኔ ነው የሚል ከሌለ ደግሞ «እኔ ልጠግነው» የሚልም አይኖርም። ብዙዎቹ ቀድሞውኑ ከጭቃ የተሠሩና ብዙ ቤተሰብ አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ የሚጋራባቸው ነበሩ። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ቆርቆሮው ዛገ፣ ግድግዳው ዘመመ።

ስለዚህ «ርካሽ» የተባለው ቤት ዋጋውን ቀስ እያለ አስከፈለ። ከኪራዩ ላይ የተቀነሰው ብር ከጣሪያው ላይ እየተቀነሰ ሄደ። ይህ የአንድ መንግሥት ብቻ ችግር አይደለም። በየትኛውም ሥርዓት የጥገናው ወጪ በቤቱ ሒሳብ ውስጥ ካልተጻፈ፣ ቤቱ ራሱ እየተበላ ይከፍለዋል። ምስጡ አንድ ነው፤ እዚህ ግን የሚቆረጥ ትርፍ ቁመት አልተተወም።

የኮንዶሚኒየም ዘመን

«ኮንዶሚኒየም» የሚለው ቃል ዛሬ የአማርኛ ያህል ሆኗል። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረቱን ጣለ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቤት ለብቻው፣ ጣሪያውን፣ ደረጃውን፣ ግቢውንና የጋራ መስመሩን ደግሞ ከሌሎች ጋር በጋራ እንዲይዝና ባለቤቶቹ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ደነገገ። ከጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጋር የተጀመረው አነስተኛ ወጪ የሚጠይቅ የግንባታ ሙከራ በአዲስ አበባ ገርጂ ላይ ሕንፃ አቆመ። አርከበ ዕቁባይ የአዲስ አበባ ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ ፕሮግራሙ በሰፊው ተያዘ። በ1997 ዓ.ም. ለቤት የተመዘገበው ሰው ከ450 ሺህ በላይ ሆነ። በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ ቁጥሩ ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። በዚያ ምዝገባ የ20/80 ቤት ፈላጊ በወር ለስቱዲዮ 151፣ ለባለ አንድ መኝታ 274፣ ለባለ ሁለት 561፣ ለባለ ሦስት ደግሞ 685 ብር እንዲቆጥብ ተባለ። ከተመዘገቡት ብዙዎቹ ከአሥር ዓመት በላይ ጠብቀዋል።

ወጪውስ እንዴት ተቀነሰ? ይህን ማወቅ ለጥራት ጥያቄ ቁልፍ ነው። ሕንፃው በብዛት ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ብቻ፣ ማለትም ጂ+4 ሆነ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሊፍት ያስፈልጋልና። ለሶሌታው አስቀድሞ የተመረተ ቀጭን የአርማታ ተሸካሚና ቦርቧራ ብሎኬት ጥቅም ላይ ዋለ፤ ይህም ለማቆሚያ የሚባክነውን እንጨት፣ ሲሚንቶና ፌሮ ቀነሰ። ብሎኬቱን፣ ተሸካሚውን፣ በርና መስኮቱን በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች አመረቱት። የውስጥ ማጠናቀቂያው በአብዛኛው ለነዋሪው ተተወ። የመሬት ዋጋ በቤቱ ላይ አልታሰበም። የትንንሾቹ ቤቶች የካሬ ዋጋ ከትልልቆቹ ዝቅ እንዲል ተደረገ፤ የምድር ቤቱ ሱቅ በጨረታ ተሸጦ ድጎማውን አገዘ።

ፍትሐዊ ፍርድ እንስጥ ካልን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ በአገሪቱ ወደ 171 ሺህ የሚጠጉ ቤቶች ተሠርተዋል። ብዙ ሰው ሙያ ተማረ፣ ብዙ ቤተሰብ በስሙ የተጻፈ ቤት አገኘ፤ ከቤቶቹም 30 በመቶው ለሴቶች ተመድቦ ነበር። «በደንብ እስኪሠራ ይጠብቁ» ማለት ቤት ላለው ሰው ቀላል ነው።

ያም ሆኖ የወጪ ቅነሳው ዝርዝር እንደገና ይነበብ። ማጠናቀቂያው ለነዋሪው ተተወ ማለት ወጪው ጠፋ ማለት ነውን? አይደለም፤ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ተዛወረ እንጂ። ባለ ዕድሉ 20 በመቶውን ቅድሚያ ከፍሎ ቁልፍ ሲረከብ ልስን፣ ወለል፣ ቀለምና አንዳንዴም ቧንቧ ይጠብቁታል። የመሬት ዋጋ አልታሰበም ማለትም መሬቱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ከዚያ መሬት የተነሣው ገበሬ ወይም የመሀል ከተማ ነዋሪ ከፍሎታል። ብሎኬቱን ገና ሥራ የሚለማመዱ ወጣቶች አመረቱት ማለትም አንዱ ብሎኬት ከሌላው ብሎኬት ጋር እኩል አይጠነክርም ማለት ነው፤ ተቆጣጣሪው በርትቶ ካልመረመረ በቀር። «የካሬው ዋጋ ይኼን ያህል ነው» የሚለው ቁጥር እነዚህን ሁሉ አይነግረንም።

የክልል ከተማ ፍርድ

አንድ ብዙም የማይነሣ ታሪክ አለ። ፕሮግራሙ ወደ ክልል ከተሞችም ወጥቶ ነበር፤ አርባ ምንጭም ላይ የጋራ ሕንፃ ቆሟል። ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. ገደማ በክልል ከተሞች ይካሄድ የነበረው ግንባታ ተቋረጠ። ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የፈላጊ ማነስ ነበር። እንዴ! አዲስ አበባ ላይ መቶ ሺዎች የሚሰለፉበት ቤት ሌላው ጋ እንዴት ፈላጊ አጣ?

መልሱ ከዋጋ ጋር የተያያዘ ነው፤ የገቢ ማነስም አለበት። ነገር ግን ከዋጋ በላይም ይመስለኛል። አዲስ አበባ ያለ ተከራይ ሌላ ምርጫ የለውምና የሰጡትን ይቀበላል። የትንሽ ከተማ ሰው ግን የሚያወዳድርበት አለው። በጭቃም ቢሆን ግቢ ያለው ቤት፣ ዶሮ የሚረባበት፣ እንጀራ በእንጨት የሚጋገርበት፣ ሙዝና ማንጎ የሚተከልበት፣ ልጅ ሲያገባ አንድ ክፍል የሚቀጠልበት ቤት ያውቃል። አራተኛ ፎቅ ላይ ውሃ ሲቋረጥ ጄሪካን ተሸክሞ መውጣትን፣ ሐዘንና ሠርግ ሲመጣ ድንኳን የሚተከልበት ሲጠፋ የሚሆነውን ከዚያ ጋር ያስተያያል። በብድር ለ20 ዓመት ከሚከፈለው ጋርም ያሰላዋል። የቤትን ጥራትና ዋጋ መመዘን ማለት ይኼው አይደለም? መሐንዲሱ ሕንፃውን ከመለካቱ በፊት ገበሬውና የመንግሥት ሠራተኛው መዝነውት ነበር። ፍርዱን በወረቀት አልጻፉትም፤ ባለመግዛት ተናገሩት እንጂ።

ሕንፃን እንዴት ማየት ይቻላል?

«እሺ፣ እኛ መሐንዲስ አይደለን፤ ምን እናድርግ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ተራ ሰውም ሊያያቸው የሚችላቸው ምልክቶች አሉ።

መጀመሪያ ውሃን መከተል ነው። ሕንፃን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ውሃ ነው። ጣሪያው ከግድግዳ በበቂ ወጥቶ ዝናቡን ያርቃል? ከመታጠቢያ ቤቱ በታች ባለው ኮርኒስ ላይ እርጥበት አለ? የዝናብ ውሃ ከመሠረቱ ይርቃል ወይስ እዚያው ይተኛል? ጥቁር አፈር ባለበት ቦታ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ ውሃ ሲጠጣ እያበጠ፣ ሲደርቅ እየተሰነጠቀ ቤቱን ያንቀሳቅሰዋልና።

ቀጥሎ ስንጥቅን ማንበብ ነው። በልስን ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ቀጭን ስንጥቅ መልክ ያበላሻል እንጂ ብዙ አያስፈራም። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድና እየሰፋ የሚመጣ ግን ሕንፃው መስመጡን ይናገራል። በምሰሶው ላይ በብረቱ አቅጣጫ የሚታይ ስንጥቅና የዝገት ቀለም ፌሮው በቂ አርማታ እንዳልለበሰ ያመለክታል።

ግንባታው ገና በመካሄድ ላይ ከሆነ ደግሞ የሚታየው ይበዛል። አርማታው ሲቦካ ለሥራ እንዲቀል ተብሎ ውሃ ይጨመርበታል? ውሃ የበዛበት አርማታ ይፈስሳል፣ ይመቻል፣ ግን ይደክማል። ከተሞላ በኋላስ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ውሃ ይጠጣል? አርባ ምንጭን በመሰለ ሞቃት አገር ይህ ካልተደረገ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይደርቃል። ከተሞላው አርማታ ናሙና ተወስዶ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ይፈተናል? ውጤቱን የሚያሳይ ወረቀትስ አለ? ይህ ሁሉ ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ጥቂት ገንዘብ ነው። በአብዛኛው የሚጎድለው ገንዘቡ ሳይሆን ቆሞ የሚያይ ሰው ነው።

ለምን ይህን ያህል እንጨነቃለን? በ1981 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1988) በሶቭየት አርሜንያ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነስቶ 25 ሺህ ያህል ሰው አለቀ። ሌኒናካን በተባለችው ከተማ አስቀድመው ከተመረቱ ምሰሶና ተሸካሚዎች የተገጣጠሙ ባለ ዘጠኝ ፎቅ መኖሪያ ቤቶች ከግማሽ በላይ ፈረሱ። እዚያው ከተማ፣ በዚያው ቁመት፣ ከትልልቅ የአርማታ ገበታ የተሠሩት ግን ቆመው ቀሩ። ሁለቱም ብዙ ሕዝብን በርካሽ ለማስፈር የተሠሩ ነበሩ። ልዩነቱ ከነበረባቸው ነገሮች ዋነኛው መጋጠሚያው ነበር። ከዚህ የምንማረው አንድ ፕላን በመቶ ሕንፃ ላይ ሲደገም ብልሃቱ መቶ ጊዜ እንደሚደገም፣ ስሕተቱም እንዲሁ መቶ ጊዜ እንደሚደገም ነው።

እኛም ከዚህ የራቅን አይደለንም። አርባ ምንጭና ጫኖ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናቸው። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለውን ሰው ሳይቀር አስደንግጧል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ ስለ ርዕደ መሬት ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ወጣ። ደንብ ማውጣት ላይ አልሰነፍንም። ደንቡ ከወረቀቱ ተነስቶ ሶሌታው ላይ መድረሱ ነው ጥያቄው።

ሁለት ሕንፃ፣ አንድ ሒሳብ

ለማስረዳት ብቻ ያህል በሐሳብ ሁለት ሕንፃ እናቁም። በመጀመሪያው አንድ ቤት 800 ሺህ ብር ይፈጃል። ቧንቧው ያፈስሳል፣ ጣሪያው ይበሳሳል፤ በየዓመቱ 10 ሺህ ብር ጥገና ይበላና በ30 ዓመቱ የማይጠገን ይሆናል። በሁለተኛው አንድ ቤት 900 ሺህ ብር ይፈጃል፤ በዓመት 3 ሺህ ብር ጥገና ይበቃውና 50 ዓመት ያገለግላል። የባንክ ወለድን ለጊዜው እንተወው።

የመጀመሪያው በ30 ዓመት ውስጥ 800 ሺህ ከ300 ሺህ ጋር ተደምሮ 1 ሚሊዮን 100 ሺህ ብር ይሆናል፤ ለ30 ሲካፈል በዓመት ወደ 36,700 ብር ይመጣል። ሁለተኛው በ50 ዓመት ውስጥ 900 ሺህ ከ150 ሺህ ጋር 1 ሚሊዮን 50 ሺህ ብር ይሆናል፤ ለ50 ሲካፈል በዓመት 21 ሺህ ብር ነው። በርክክብ ቀን በ100 ሺህ ብር «ርካሽ» የነበረው ቤት በኑሮ ሒሳብ እጅግ ውድ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ነገር ግን በጨረታ ሰነድ ላይ የሚታየው የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ነው። ሪፖርት የሚጻፈውም፣ የሚጨበጨበውም በዚያ ቁጥር ነው። የቀረውን ሒሳብ የሚሠራው ነዋሪው ነው፤ እሱም ለብቻው፣ በየክረምቱ፣ ባልዲ ከሚንጠባጠበው ጣሪያ ሥር እያስቀመጠ።

ስለዚህ ምን እንበል?

ሦስቱን ቤቶች በአንድ ላይ እንያቸው። የዶርዜ ቤት ጥገናውን በቁመቱ ውስጥ ይዞ ተወለደ። የቀበሌ ቤት ጥገናውን የሚከፍል ሳይመደብለት ቀርቶ ራሱን በላ። የጋራ ሕንፃው ከሁለቱ መካከል ቆሟል። ሕጉ ማኅበር አቋቁሙ፣ የጋራውን ወጪ በጋራ ክፈሉ ይላል። በተግባር ግን ስንቱ ማኅበር ነው ከጥበቃና ከጽዳት አልፎ ለጣሪያ ገንዘብ የሚያስቀምጠው? ስንቱ ነዋሪስ ነው የሕንፃውን ፕላን አይቶ የትኛው ግድግዳ ቢፈርስ ችግር እንደሌለው፣ የትኛው ምሰሶ ፈጽሞ እንደማይነካ የሚያውቀው? ሳሎን ለማስፋት ተብሎ የሚሰበረውን አርማታ ያየ ሰው ዕውቀት ማጣት ከሲሚንቶ ማጣት እንደሚብስ ይገባዋል።

እንግዲህ በጫኖም ሆነ በሌላ ቦታ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሲታሰብ ሦስት ነገር አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። አንደኛ፣ የዚህ ቦታ ጠላት ማን ነው? ምስጥ፣ ወባ፣ ሙቀት፣ ጎርፍ፣ የሚያብጥ አፈር ወይስ የሚንቀጠቀጥ ምድር? ሁለተኛ፣ በሒሳቡ ውስጥ የጥገናው ብር የት ላይ ተጽፏል? «ወደፊት ይታያል» ከተባለ አልተጻፈም ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ለሚኖርበት ሰው ከቁልፉ ጋር ፕላኑ፣ የፈተናው ወረቀትና የጥገናው ምክር አብሮ ይሰጠዋል?

እነዚህ ጥያቄዎች የመሐንዲስ ብቻ አይደሉም። መምህሩም፣ ነጋዴውም፣ ሙዝ ሻጯም ሊጠይቋቸው ይችላሉ፤ መጠየቅም አለባቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ በደካማ አርማታ ላይ የቆመ አራት ፎቅ ግን አይለቀምም። ጫኖ ዛሬ ገና ሙዝና ማንጎ ላይ ናት፤ ለመጠየቅ ጊዜ አላት።